ምርቱ ላይ የወደቀው ድሮን

ድሮኑን መትቼ የጣልኩት እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ፤ ምክንያቱም ወሬው ጎንደር ሲደርስ ሌላ ሌላ ሆኗል። አንዱ በጥይት ነው የተመታው ይላል፣ ሌላው መብረቅ ነው ይላል። አንድ ቀን የጫንኩት ተሳፋሪ ደግሞ እዚያው ቆሞ ያየ ይመስል ከፒያሳ እስከ አዘዞ ሲያወራልኝ ዝም ብዬ ሰማሁት። በወንጭፍ ነው የተመታው። ስለዚያች ድንጋይ እስካሁን ማንንም ይቅርታ አልጠየቅሁም፣ ወደፊትም የምጠይቅ አይመስለኝም። እኔ የምነግራችሁ ስለ ሁለተኛዋ ድንጋይ ነው።

ያኔም እንደ ዛሬው ጎንደር ውስጥ ባጃጅ እነዳ ነበር። እንደ ዛሬው ግን አልነበርኩም። ቁጡ ነበርኩ፤ እግረኛው፣ አህያው፣ ትራፊክ ፖሊሱ፣ ሁሉም እኔን ለማናደድ ተማክሮ የወጣ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ከመካነ ብርሃን ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ብቻውን ይኖራል። ጥር ሲገባ ባጃጄን ለጓደኛዬ አደራ እሰጥና እህል ልወቃ እወጣለሁ። ድሮን የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ከሰርግ በቀር ሌላ ነገር አያስታውስም ነበር። ከሰርግ አዳራሽ በላይ ሲያንዣብብ አይቻለሁ፤ እንዲያውም እጄን አውለብልቤለታለሁ።

ከተማ ለተወለደ አንባቢ ስለ አውድማ ትንሽ ልበል። በእኛ አገር አውድማ ዝም ብሎ ደልዳላ መሬት አይደለም። በእበት ተለቅልቆ፣ ደርቆ፣ እህል ከተዘረጋበት በኋላ ጫማ አድርጎ የሚገባበት ሰው የለም። የመጣ ሰው ዳር ቆሞ “ይበርክት” ይላል፤ ግባ ሲባል ይገባል። እዚያ ላይ ክፉ ቃል አይወጣም፣ አይጣሉበትም። ምርቱ፣ ማለትም ተወቅቶ መሃል ላይ የተከመረው እህል፣ ገለባው ተለይቶ እስኪሰፈር ድረስ የባዳ ዐይን እንዲያርፍበት አይፈለግም። በዛም አነሰም አይባልም። በአባቴ ቤት ደግሞ አንድ የጠነከረ ደንብ አለ፤ ምርቱ ላይ የወደቀ ነገር እህሉ ተሰፍሮ ሳያልቅ አይነሳም። ቀድሞ ያነሳው ሰው በረከቱን አብሮ ያነሳዋል ይላል። ልጅ ሳለሁ ኮፍያዬ ወድቃበት ፀሐይ አናቴን ስትጠብሰው ውዬ አውቃለሁ።

የዚያ ዓመት ምርት ለአባቴ ሌላ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በረዶ ገብሱን ገና በዛላው ሳለ አራግፎበት ክረምቱን የጎረቤት እጅ እያየ ነው የከረመው። ሰው ከሰጠው በስተቀር ለምኖ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ያን ጥር በሬዎቹን ሲያበራይ ድምፁ እንኳ ተለውጦ ነበር፤ የልጅ ድምፅ ነበረው ብል አላጋነንኩም።

የሆነው ረፋድ ላይ ነው። አባቴ፣ እኔና ሊያግዘን የመጣው ጎረቤታችን አለሙ አውድማው ላይ ነን። ከሸንተረሩ ወዲያ ጥሩምባና ዘፈን ይሰማል። ከወንዙ ማዶ ያለው የሲሳይ ወንድም ሙሽራዋን ይዞ እየተመለሰ ነበር። ሲሳይ እኩያዬ ነው። በሲሳይ ቤትና በእኛ ቤት መካከል በአያቶቻችን ዘመን ደም ነበረ። በሽማግሌ ታርቋል፤ መንገድ ላይ ሰላም እንባባላለን፣ ለቅሶም እንደራረሳለን፤ ሰርግ ግን ገና አልተጠራራንም።

“ንብ ተነሣች መሰለኝ” አለ አባቴ ቀና ብሎ።

“ንብ አይደለም አባ፤ የሰርግ ካሜራ ነው” አልኩት እየሳቅሁ።

“በሰማይ?”

“አዎ፤ ከላይ ሆኖ ይቀርፃል።”

“ምኑን ነው የሚቀርፀው?”

“ያገኘውን ሁሉ።”

አባቴ ሰማዩን አየ። ከዚያ ምርቱን አየ። ጅራፉን ጥሎ ጋቢውን ከትከሻው እየገፈፈ ሮጠና ምርቱ ላይ አለበሰው። ጋቢው አልበቃም። በአንድ በኩል ሲጎትተው በሌላ በኩል ይገለጣል፤ ሽማግሌው በጉልበቱ እየዞረ ወዲህ ይጎትታል፣ ወዲያ ይጎትታል። ሜዳ ላይ የተራቆተ ዘመዱን የሚያለብስ ሰው ይመስል ነበር። ድሮኑ ይህን ያየ ጊዜ ሄደ? አልሄደም። ዝቅ አለ። አሁንም ዝቅ አለ። የድሮኑ ነፋስ ጋቢውን ገልብጦ ገለባውን አባቴ ፊት ላይ በተነበት።

በሬዎቹ ደነበሩ። ዳሩን የያዘው ቦራ የምንለው በሬ ማሰሪያውን በጥሶ ወደ ገደሉ ነጎደ፤ አለሙ “በሬው! በሬው!” እያለ ተከተለው። እኔ ምን እንዳደረግሁ የማስታውሰው በእጄ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ከገብስ የምናባርርበት ወንጭፍ ከማማው እንጨት ላይ ተሰቅሎ ነበር። ስንት ዓመት ያልነካሁት ነገር ጣቴ ላይ እንደ ትናንት ገባ። አንድ ጊዜ አዙሬ ለቀቅሁት። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ያ ሁሉ ጩኸት ቆመ፤ ድሮኑ ተሽከርክሮ ወረደና ወደቀ። የትም ቢወድቅ ግድ አልነበረኝም። የወደቀው ግን ምርቱ አናት ላይ ነው።

“አበጀህ” የሚለኝ መስሎኝ ዞር ስል አባቴ የሚያየው እኔን አልነበረም። ድሮኑን ነበር የሚያየው። ከማዶ ዘፈኑ ቆመ።

ብዙ አልቆዩም። ፊት ፊት የመጣው ሄኖክ የሚባል ከፒያሳ ፎቶ ቤት የመጣ ቀጭን ልጅ ነው፤ መቆጣጠሪያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ያለከልካል። ከኋላው ሲሳይ ሱፍ ለብሶ፣ ክላሹን በትከሻው አንግቶ ነው። ሚዜዎችና አጃቢዎች ይከተሉታል፤ ጫማቸው ሁሉ አዲስ፣ አቧራ ብቻ የሸፈነው። አውድማው ዳር ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ቆሙ። ተናድደውም ቢሆን ቆሙ።

“ማነው የመታው?” አለ ሲሳይ።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

“ምነው ማሩ? ምን አደረገህ?”

“በሬ አስደነበረብን። አባቴን በጉልበቱ አስዳኸው። ዳር ቆማችሁ ‘ይበርክት’ ማለት ቢያቅታችሁ በሰማይ ትገባላችሁ?”

“ማሩ፣ አፍህን ሰብስብ፤ አውድማ ላይ ነህ” አለ አባቴ።

ሄኖክ ይህን ሁሉ አልሰማም። ዐይኑ ካሜራው ላይ ነው። “ይቅርታ፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ እሷን ብቻ ልውሰድ” እያለ በነጭ ሸራ ጫማው ሰተት ብሎ ገባ። አባቴ “ጫማህን!” ብሎ ጮኸ። ልጁ ያልገባው ይመስል ወደ ምርቱ እጁን ሰደደ። ደረቱን ገፋሁት። ገለባው ላይ በጀርባው ወደቀ።

ሲሳይ መሣሪያውን አቀባበለ። ያን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወንጭፌ ውስጥ ሁለተኛዋ ድንጋይ መቼ እንደገባች ግን አላውቅም።

“እንግዳዬን ነው የገፋኸው” አለ ሲሳይ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። “የወንድሜን ሰርግ በድንጋይ መታኸው። ያ ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ሙሽራዋ ከእናቷ ስትለይ ነው ያለው። እናቷ ከአልጋ አትነሳም፤ ዳግም በሕይወት ላታገኛት ትችላለች። ያን ነው ድንጋይ የወረወርክበት።”

አባቴ በመካከላችን ቆመ። “ልጄ ሲሳይ፣ ዕቃችሁን ማን ከለከላችሁ? የእናንተ ነው። ነገር ግን ምርት ላይ አርፏል። ነፋስ ሲነሣ ገለባውን እንለያለን፣ እንሰፍራለን፣ ያን ጊዜ በሸጋ ወስዳችሁ ትሄዳላችሁ። እስከዚያው ጥላው ሥር አረፍ በሉ፤ ጠላ አለ።”

“ነፋሱ መቼ ነው የሚነሣው፣ አያ ገብሬ?” አለ አንዱ ሚዜ።

“እሱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው” አለ አባቴ።

ጠበቁ። አትስቁ፤ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ክራባት አስረው ነፋስ ጠበቁ። ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ እነሱም አውድማ አላቸው። ሄኖክ እየተራገፈ ወጣና ዳር ላይ ተቀመጠ። አባቴ ወደ ምርቱ ተመልሶ ገለባ እያነሳ ወደ ላይ ይበትናል፤ ገለባው ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቅጠል አይነቃነቅም። ሌላ ቀን በዚያ ሰዓት የሰው ኮፍያ የሚወስድ ነፋስ ያን ቀን የት እንደሄደ እንጃ።

እየቆየ ነገሩ ከእጅ ወጣ። ከወዲያ ሰው መጥቶ ሙሽራዋ በቅሎ ላይ ሆና መንገድ ላይ መቆሟን ተናገረ። ሙሽራ መንገድ ላይ ማቆም ክፉ ነው፤ ሴቶቹ ማልቀስ ጀምረዋል አለ። ከወዲህ ደግሞ የእኛ ሰፈር ሰዎች ወሬ ሰምተው አንድ ሁለት እያሉ ከኋላዬ ቆሙ። ባዶ እጁን የመጣ የለም። አንድም ሰው አልተሳደበም። ከአጃቢዎቹ መካከል አንድ ድምፅ ብቻ፣ “ድሮስ ከእነዚህ ጋር ምን ብለን ታረቅን?” ሲል ሰማሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ፈርቼ ነበር። እጄ ግን አልፈራም። ሞኝነት ሁልጊዜ የሚጀምረው ከእጅ ነው መሰለኝ።

ሲሳይ አንድ እግሩን አነሳና አውድማው ላይ አሳረፈ። ከነጫማው። ሆን ብሎ ነው፤ ዐይኔን እያየ ነው ያሳረፈው።

ወንጭፉን ማዞር ጀመርኩ። ሽው ሽው ይላል፤ ከሱ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። የክላሹ አፈሙዝ ደረቴ ላይ ነው። ከዚህ ርቀት እሱ አይስተኝም፣ እኔም አልስተውም። ማን ይቀድማል ብዬ ሳስብ ትዝ ይለኛል። ስለ ሙሽራዋ አላሰብኩም፣ ስለ አባቴ አላሰብኩም፣ ስለ ባጃጄ እንኳ አላሰብኩም። ማን ይቀድማል ብቻ።

“ማሩ፣ ጣለው” አለ አባቴ።

“እሱ ይውጣ!”

“ጣለው ብዬሃለሁ።”

አልጣልኩም። ሲሳይንም “አውርድ” አለው፤ ሲሳይም አላወረደም። አባቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ጀርባውን ለሁለታችንም ሰጠንና ወደ ምርቱ ሄደ። አማተበ። ጎንበስ ብሎ ድሮኑን በሁለት እጁ አነሳው።

“አባ! ምነው አባ?” ብዬ ጮህኩ። ወንጭፉ እጄ ላይ ተዝለፈለፈ፤ ድንጋይዋ መሬት ስትነካ አልሰማኋትም። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ “ወይኔ ገብሬ!” ሲል ብቻ ሰማሁ።

አባቴ የገብስ ፍሬ ከድሮኑ ላይ እየረገፈ ቀጥ ብሎ ወደ ሲሳይ ሄደ። አፈሙዙ አሁን ያለው የሱ ደረት ላይ ነው። ሕፃን እንደሚያቀብል ሰው ዕቃውን ወደፊት ዘረጋ። ሲሳይ ለመቀበል ሁለት እጅ ያስፈልገው ነበር። መሣሪያውን አውርዶ በትከሻው አንግቶ ተቀበለው።

ያን ጊዜ ነው አባቴ ወደ እኔ የዞረው።

“እህሉን ዘንድሮ ባጣው ከርሞ እዘራዋለሁ” አለኝ። “አንተን ባጣህ የት ሄጄ እዘራሃለሁ?”

ሲሳይ ዕቃውን ታቅፎ አንገቱን ደፋ። የቆመበትን እግሩን ከአውድማው ላይ ያነሳው ቀስ ብሎ ነው፤ የሚሰበር ነገር የረገጠ ይመስል ነበር።

የሲሳይ አጎት አያ ፈንታ በበቅሎ የደረሱት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ማንም ሳይነግራቸው የአባቴን ባዶ እጅና የምርቱን የተናደ አናት አይተው ነገሩ ገባቸው። ከበቅሏቸው ወርደው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ዳር ላይ ቆመው “ይበርክት” አሉ። አባቴ “አሜን” ለማለት ጊዜ ወሰደበት።

አያ ፈንታ እዚያው ዳር ላይ ፈረዱ። “በሬው የደነበረው በእኛ ዕቃ ነው። ዕቃው የተሰበረው በእናንተ ድንጋይ ነው። ሳይጠይቅ የገባ ተመታ፤ ይቻቻል። ሲሳይ፣ አንተ ግን በሰው አውድማ ላይ መሣሪያ አቀባብለሃል። የሰርጉ ሳምንት ሲያልፍ ሽማግሌ ይዘህ መጥተህ እግራቸው ላይ ትወድቃለህ።”

“እወድቃለሁ” አለ ሲሳይ።

ሄኖክ በዚህ መሃል ካርዱን አውጥቶ ሌላ መሣሪያ ውስጥ ከትቶ ያያል። ሙሽራዋና እናቷ ደህና ናቸው፤ አንድ ክንፍ ነው የተሰበረው። እፎይ ብሎ ወደ አባቴ ቀረበ፤ በዚህ ጊዜ ባዶ እግሩን ነው። “አባቴ፣ ካሳ ይጠይቁኝ” አለ።

“ያየኸውን አጥፋልኝ” አለ አባቴ። “ሌላ አልፈልግም።”

ልጁ ከማጥፋቱ በፊት እኔም በትከሻው ላይ አሻግሬ አየሁት። ከላይ ሲታይ አውድማችን የሳንቲም ያህላል። አንድ ትንሽ ሽማግሌ በጉልበቱ እየዞረ ጨርቅ ይጎትታል። ሄኖክ አቀረቀረ። “ስቄ ነበር እኮ” አለኝ በሹክሹክታ። “ምን እያደረጉ ነው ብዬ፣ በደንብ ላሳይ ብዬ ነው ዝቅ ያደረግኩት።” ጠፋ። ተመልሶ እንዳይመጣ ካለበት ሁሉ መጥፋቱን ሦስት ጊዜ አረጋገጠልን። አባቴ ማየት አልፈለገም።

አጀቡ ከሄደ በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ልክ ለማናደድ። አለሙም ቦራን እየጎተተ መጣ፤ ገደሉ አፍ ላይ ቋጥኝ ቀንዱን ሰብሮ አስቁሞታል። እስኪመሽ ገለባውን ለየን፣ ሰፈርን። አባቴ እንደ ወትሮው እያንዳንዱን ስፍር በምርቃት አልጀመረም። ዝም ብሎ ሰፈረ። ይህ እኔን ከክላሹ የበለጠ አስፈራኝ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትለኝ እንዲህ እልሃለሁ። ካሜራ በሰማይ መሄዱ አይደለም ያጣላን። እያንዳንዱ ሰው ልብሱን አውልቆ ባይሆንም የተራቆተ የሚመስለው ቦታ አለው። ለአንዱ መኝታ ቤቱ ነው፣ ለሌላው የታመመች እናቱ ፊት ነው፣ ለአባቴ ያልተሰፈረ ገብስ ነው። ከላይ የሚያይ ሰው ይህን መለየት አይችልም፤ ወርዶ መጠየቅ አለበት። ሄኖክ ከዚያ ወዲያ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ገጠር ለሰርግ ሲወጣ ከዋዜማው በእግሩ ቤት ለቤት ዞሮ ሳያስታውቅ ድሮኗን አያስነሳም ነበር። አሁን አሁን ጭራሽ ትቶታል። ዛሬ በእኛ አገር ያ ድምፅ ሲሰማ ማንም ንብ ነው አይልም፣ ማንም እጁን አያውለበልብም፤ ለምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እኔም ተለውጫለሁ። ሰው መንገድ ሲዘጋብኝ እጄን መሪው ላይ አድርጌ ዝም እላለሁ። ጓደኞቼ መነኮስክ እንዴ ይሉኛል።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ይቆረቁረኛል። ያን ዓመት እህሉ ቶሎ አለቀ። እኔ የከተማ ሰው ነኝ፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በደነበሩት በሬዎች ተበትኗል፣ ተረግጧል፣ ገለባው ውስጥ ቀርቷል። አባቴ የራሱ ምክንያት አለው። ግንቦት ላይ ሳልነግረው ብመጣ ጎተራው ውስጥ ገብቶ ከሥሩ ሲጠርግ አገኘሁት። የጠረገው መዳፉን አይሞላም።

“አባ፣ ምነው ሳትነግረኝ?” አልኩት። “ጎደለኝ አትለኝም?”

ከጎተራው ወጥቶ ልብሱን አራገፈ። ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ከራሴ እስከ እግሬ ቀስ ብሎ አየኝ።

“ምን ጎደለኝና?” አለ።